ግማሽ ፍሬ ኦቾሎኒ፣ በገብርኤል ዋዜማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። በጀመርኩ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ትቼው እነሳለሁ። ለገብርኤል የተሳልኩትን ጃንጥላ አስገብቻለሁ። ግን የዚያን ሌሊት አፌን ሞልቼ «እመሰክራለሁ» ብዬ ነበርና ይህ ቀርቶብኛል። ዛሬ ልክፈል።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ሐዋሳ ነው። እኔ አዲስ አበባ። የሰኔ ጾም እንደተፈታ የሦስት ዓመት ልጄን ማሙሽን ይዤ እሷ ጋ ወረድኩ። ባለቤቴ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘ ቀረ። ሁለት ሳምንት ነው ያሰብነው። ዘመድ ጥየቃ፣ ሌላ ምንም ጉዳይ የለንም።

እንዴት ደስ ይል ነበር! ጠዋት ከእትዬ ጋር ገበያ እንወጣለን። ለማሙሽ ባጃጅ ላይ መሳፈሩ ብቻ በቂው ነው፤ የምንወርድበት ስንደርስ ያለቅሳል። ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ፍቅር ሐይቅ ሄደን ዳር ዳሩን እንሄዳለን። አባ ኮዳ የሚሉት ትልቁ ወፍ አለ አይደል፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት? ከልጄ ይረዝማል። «እማዬ፣ ሽማግሌ ወፍ!» ብሎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። ጎረቤት ያሉት እናት ቡርሳሜ በትኩሱ ሠርተው ጠሩን፤ ማሙሽ ቅቤው አገጩ ላይ እስኪወርድ በላ። አንድ ቀን ታቦር ተራራ ወጣን፤ ግማሹን መንገድ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከላይ ሆነን ሐይቁን እያየሁ «ተመስገን» አልኩ። ያቺን ተመስገን ያልኩት ከልቤ ነው። ምክንያቱም ለብዙ ጊዜ ማለት አልችልም ነበር።

እዚህ ጋ መናዘዝ አለብኝ። ከማሙሽ በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ። በሰባተኛው ወር ሆዴ ውስጥ ሞቶ ተወለደ። ሊያጽናኑኝ የመጡት ሁሉ የኢዮብን ቃል ይሉኛል፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፥ እግዚአብሔርም ነሣ፤ የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን።» አሜን ማለት አቃተኝ። ጠላሁት ቃሉን። ሥዕሉን ከግድግዳ አውርጄ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጥኩም፤ በበሩ ሳልፍ እንኳን ፊቴን አዞራለሁ። ከዚያ ማሙሽ ተረገዘ፣ ተወለደ፣ በ40 ቀኑ ተጠመቀ። ሥዕሉንም መለስኩት። ታረቅን ብዬ ነበር። ልቤ ግን ሙሉ በሙሉ አላመነም፤ «ይህንንም ይወስደው ይሆን» የሚል ነገር ሁልጊዜ ውስጤ ነበር።

ሐምሌ 14 አሞራ ገደል ሄድን፣ አሳ ልንበላ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ሞልቷል። እትዬ ለጦጣዎቹ ብላ በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ ገዛች። ማሙሽ አንድ ለጦጣ ይሰጣል፣ አንድ አፉ ይከታል። እየሳቀ ነው። ድንገት አንዷ ጦጣ ዘልላ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። ደነገጠና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ትን አለው። ሳል በሳል ሆነ፤ ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ጀርባውን መታ መታ አደረግኩለት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተወው። «አባቱ አንስቶት ነው» አለች እትዬ። ሳቅን። የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ ቀረበልን፤ እሱም ከሳህኔ በላ። አለፈ አልን። ረሳነው።

በማግስቱ ማሳል ጀመረ። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ነገር ይሰማል። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው፤ «ብርድ ነው፣ አስምም ሊሆን ይችላል» ብለው ሽሮፕና የሚነፋ መድኃኒት ሰጡን። አልፈርድባቸውም። ትን እንዳለው እኔም አልነገርኳቸውም፤ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር።

ሐምሌ 18 መጣ፣ የገብርኤል ዋዜማ። ሐዋሳን በገብርኤል ያያት ያውቃል፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። እትዬ ነጠላዎቹን አጥባ ወንበር ላይ ዘርግታለች። ጧፉን፣ ዕጣኑን በፌስታል አዘጋጅታለች። ሌሊት ተነስተን ልንሄድ ነው። ማሙሽን አጠገቤ አስተኛሁት።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው የነቃሁት። ድምፅ አልነበረም የቀሰቀሰኝ። ድምፁ መጥፋቱ ነው። ያ ፉጨት የለም። መብራት አበራሁ። ልጄ ቁጭ ብሏል፣ በሁለት እጁ ፍራሹን ተደግፎ። አፉ ተከፍቷል። የጎድን አጥንቱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አንገቱ ሥር ያለችው ጉድጓድ ትገባለች፣ ትወጣለች። ያየኛል። አያለቅስም፤ ለማልቀስ አየር የለውም።

እንዴት እንደወጣን አላውቅም። በባዶ እግሬ ነበርኩ። እትዬ አስፋልቱ መሀል ቆማ እጇን ስታወናጭፍ አንድ ባጃጅ ቆመ። ሹፌሩ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ጎርፉን እየሰነጠቀ፣ ጡሩምባውን እያንባረቀ ሆስፒታል በር አደረሰን። ሒሳብ ስንለው «ሂዱ፣ ሂዱ!» ብሎ ተመለሰ። ስሙን አላውቅም። አንተ ልጅ፣ የትም ብትሆን እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው።

ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅን አደረጉለት። ወጣት ዶክተር ነበረች ተረኛዋ። ደረቱን በአንድ በኩል አዳመጠች፣ በሌላው በኩል አዳመጠች፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ያለውን አወጣችና ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ።

«እናት፣ ከመታመሙ በፊት ሲበላ ትን ብሎት ያውቃል?»

ጉልበቴ ከዳኝ። ጦጣዋ፣ ወረቀቱ፣ ሳቃችን፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። «ኦቾሎኒ» አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ኤክስሬይ ተነሳ። ኦቾሎኒ በኤክስሬይ አይታይም አሉኝ፤ ግን የቀኝ ሳንባው አየር ገብቶበት መውጣት አቅቶት ተነፍቷል። ፍሬው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ መጀመሪያ ትንሽ አየር ያሳልፍ የነበረው አሁን እየዘጋ ነው። በመተንፈሻ ቱቦው መሣሪያ ገብቶ መውጣት አለበት። ያ የሚሠራው ደግሞ አዲስ አበባ ነው አሉኝ። 275 ኪሎ ሜትር፣ በሌሊት፣ በዝናብ።

ትንሽ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ እለምናችኋለሁ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ኦቾሎኒም ሆነ ቆሎ አትስጡ። ትን ብሎት ቢያልፍም እንኳን ወስዳችሁ አስመርምሩት፤ ለሐኪሙም ንገሩት። እኔ ባለመናገሬ አራት ቀን አለፈ።

እኩለ ሌሊት ላይ አምቡላንሱ ወጣ። ልጄ ጭኔ ላይ፣ አንድ ነርስ አጠገቤ፣ እትዬ ከሹፌሩ ጎን። ሹፌሩ ሙስሊም ነው፤ «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ «አይዞሽ እህቴ፣ ዛሬ የእናንተ ገብርኤል ነው» አለኝ። ሻሸመኔን አለፍን፣ አርሲ ነገሌን አለፍን። ከፊት ለፊታችን መኪና በመኪና ላይ ይመጣል፤ ሁሉም ወደ ሐዋሳ ነው የሚወርደው፣ ለንግሥ። መስኮታቸው ላይ ሰንደቅ አስረዋል። በአንዱ አውቶቡስ ውስጥ እያጨበጨቡ ሲዘምሩ በመስታወቱ አየሁ። ድምፃቸው አይሰማም፤ አፋቸውን ብቻ ነው የማየው። ያኔ ቁጣዬ ተነሳ። አገር ምድሩ ወደ ገብርኤል ይሄዳል፣ እኔ ልጄን ታቅፌ ከገብርኤል እየራቅኩ ነው!

ላንጋኖን አልፈን ቡልቡላ ስንቃረብ ማሙሽ አንድ ጊዜ አሳለ። ከዚያ ዝም አለ። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን አይገባም። ከንፈሩ ጠቆረ። ነርሱ «አቁም!» ብሎ ጮኸ። መኪናው ዳር ያዘ። ልጄን ከእጄ ነጥቆ ጭኑ ላይ በደረቱ አስተኛው፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ በመዳፉ ጀርባውን ይመታው ጀመር። አንድ። ሁለት። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል።

እኔ አልጸለይኩም። እውነቱን ልናገር፤ ያ ጸሎት አልነበረም። ጮህኩ። «ያኛውን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ! ይሄንንስ? ሰጥተህ ነው የምትወስደው? ምን አደረግኩህ?» አልኩት፤ ጌታዬን፣ እንደ ሰው። እትዬ «ኧረ በስማም፣ ተይ!» ትለኛለች። አላቆምኩም። ከዚያ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዛሬ ሌሊት የቂርቆስና የኢየሉጣ መሆኑ ትዝ አለኝ። የሦስት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር። እሳቱ ሲንቀለቀል፣ ጋኑ ሲፈላ እናቲቱ ፈርታ ነበር እኮ! ልጁ ነው ያጽናናት። ቅድስት ኢየሉጣ የፈራች እኔ ማን ነኝ? ድምፄ ተሰበረ። «ገብርኤል፣ ለእሷ የደረስክላት፣ እኔም እናት ነኝ» አልኩ። «ትንፋሹን ብቻ። ሌላ አልጠይቅም። በዓመቱ ይዤው እመጣለሁ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ በሰው ፊት እመሰክራለሁ።»

አራት። አምስት።

ማሙሽ ሲር ብሎ ተነፈሰ።

ያ ድምፅ! ስንት ቀን ያስጨነቀኝ ፉጨት ነው፤ የዚያን ሌሊት ግን ከማኅሌት በለጠብኝ። «እስትንፋስ ያለው ሁሉ እግዚአብሔርን ያመስግን» የሚለው ሳልጠራው አፌ ላይ መጣ፤ ደጋገምኩት። ነርሱ ላቡን በክንዱ ጠረገና «ፍሬው ቦታ ቀይሮ ነው፣ ንዳው!» አለ። ከዚያ ወዲያ ዝዋይን፣ መቂን፣ ሞጆን እንዴት እንዳለፍን አላስታውስም። ጆሮዬ ልጄ አፍ ላይ ነበር፤ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

ሊነጋጋ ሲል አዲስ አበባ ገባን። ባለቤቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ዝናብ እየመታው ቆሟል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጄን በአልጋ እየገፉ አስገቡት። ከበሩ ወዲህ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ነጠላዋን አለበሰችኝ፤ ለንግሥ ያጠበችውን። ያን ሰዓት ሐዋሳ ላይ ታቦቱ ሊወጣ ነው። «የእግዚአብሔር መልአክ በሚፈሩት ሰዎች ዙሪያ ይሰፍራል፥ ያድናቸውማል» እያለች እሷ ትደግማለች። እኔ ደክሞኝ ነበር። ዝም ብዬ በሩን አያለሁ።

ሐኪሙ ሲወጣ በእጁ ትንሽ ብልቃጥ ይዟል። ውስጧ ግማሽ ፍሬ ኦቾሎኒ አለች። አብጣለች፣ ቅርፊቷ ተልጦ ጫፏ ላይ ተጣብቋል። የትንሿ ጣቴ ጥፍር አታክልም። «ይኸው እናት» አለኝ። የሐኪሙን እጅ ስሜ አለቀስኩ። በሕይወቴ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም።

ከዚያ የሳንባ ምች ታከመ፣ ቀጠሮ ተመላለስን፣ ክረምቱም በጋውም አለፈ።

ተረኛዋን ዶክተር በኋላ ደውዬ አመሰገንኳት። ሹፌሩና ነርሱ ጋ እትዬ ራሷ ዳቦ ደፍታ ሄደች። ሹፌሩ «ልጁ ደህና ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቃት አለችኝ። ቁጣዬን በተመለከተ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ቃል በቃል የጮህኩትን ነገርኳቸው። ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ በዚያ ሰዓት ያናገርሽው እሱን አይደል?» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

በዓመቱ ሐምሌ 19 ሐዋሳ ነበርን። ሌሊት ተነሳን። ባለቤቴ ጃንጥላውን ያዘ፣ እኔ ማሙሽን። ሰዉ መፈናፈኛ የለውም። አራት ዓመቱን ይዟል፤ ከብዷል፣ ግን መሬት አላስረግጠውም አልኩ። ጧፍ አብርቼ እጁ ላይ አስያዝኩት። ትንሽ አየውና እፍ ብሎ አጠፋው። «ማሙሽ፣ አይጠፋም እኮ» አለችው እትዬ። ከጎኔ ካሉት እናት ጧፍ ለኩሼ አበራሁለት። ጉንጩን ነፋ። እንደገና እፍ አለ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ሞቀኝ። እንደገና አበራሁለት።