አቡጀዲና ብራና ሲገናኙ

ጎንደር ላይ ቅይጥ ሥራ፣ ማለትም ጨርቅና ብራናን የመሰሉ የተለያዩ ነገሮችን አዋህዶ ሥዕል፣ ለሚሠራ ሰው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጥሩ መምህር ነው። ጎብኚው ቀና ብሎ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ያያል፤ እኔ ግን የማየው የግድግዳውን ጠርዝ ነው፤ ሥዕሉ ያለው የተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነውና።

የእኔም መነሻ አቡጀዲ ነው። ፍሬም ላይ ከመወጠሬ በፊት በፈላ ውሃ አጥበዋለሁ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ስታርች ካልለቀቀ ኮላ አይጠጣም። መጀመሪያ 1 እጅ የእንጨት ኮላ በ3 እጅ ውሃ አቅጥኜ እቀባለሁ። ሲደርቅ ኮላና ውሃ እኩል አድርጌ፣ የተፈጨ ጠመኔ እየጨመርኩ እንደ እርጎ ሲሆን 3 ጊዜ ስስ አድርጌ እደርባለሁ። በጠመኔው ፈንታ ጄሶ ርካሽ ነው፤ ግን ሳህኑ ላይ እያለ ይደርቃል፣ ጨርቁ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል።

ያስቸገረኝ አቡጀዲው ላይ የምደርበው ብራና ነው። የፍየል ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። በኮላ ሙሉ በሙሉ ከለጠፉት አቡጀዲውን ይዞት ይሸበሸባል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ማዕዘኑ ይላቀቃል። በካውያ አስተካክላለሁ ማለት የባሰ ጥፋት ነው፤ ሙቀት ብራናን ያኮማትራል። መፍትሔው ብራና ፋቂዎች እጅ ላይ ነበር፤ የተቀደደውን ይሰፉታል እንጂ አይለጥፉትም። ስለዚህ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብዬ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ በወስፌ እበሳና በጥጥ ክር ላላ አድርጌ እሰፋለሁ። ክሩን ማጥበቅ ያምራል፤ ግን ቀዳዳውን ይቀደዋል። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ በክርና በልብስ ቁልፍ የሠራቸውን ሥራዎች ካየሁ ወዲህ ስፌቱን መደበቅ ትቻለሁ፤ ራሱ መስመር ነው።

ብራናው ቅባት ስላለው አክሪሊክ፣ በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ቶሎ አይዝም። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማሸት፣ ከዚያ ቀለሙን አሳስቶ መቀባት ነው። ወፍራም ቀለም ብራናው ሲንቀሳቀስ ይፈረፈራል።

ለቀለሙ ሁለቱን የጎንደር አሣሣሎች አጋጥማለሁ። ብራናው ላይ የመጀመሪያውን፦ ጉልህ መስመር፣ ጥላ የሌለው ፊት። አቡጀዲው ላይ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለበተውን ሁለተኛውን፦ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም አረንጓዴ የሚሸጋገር መደብ። በበጋ አክሪሊክ ሳይቀላቀል ስለሚደርቅ ውሃ እየረጨሁ ከ20 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ቦታ በአንዴ እይዛለሁ።

ሲሰቀል ከኋላው አራት ትንንሽ ቡሽ አደርጋለሁ። የድንጋይ ግድግዳ በክረምት ያልባል፤ አየር ካላለፈ መጀመሪያ የሚሻግተው አቡጀዲው ነው።