ከቀይ ሽንኩርቱ ጋር 26 ሰዓት፦ የ«ዱም ኢተርናል» ማስታወሻዬ

ጌም የለመድኩት ሰፈራችን ውስጥ ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ ጌም ማለት ፊፋ ነው። ተራ ይጠበቃል፣ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ሰጥቶ ይነሳል። ተኩስ ጌም ውስጥ የገባሁት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ይህን ከባለሙያ አፍ እንደወጣ አትቁጠሩት። 26 ሰዓት የተጫወተና ስንት ጊዜ እንደሞተ መቁጠር የተወ ሰው ማስታወሻ ነው።

ጌሙ «ዱም ኢተርናል» ይባላል። የሠራው ኢድ ሶፍትዌር ነው፣ በ1993 የመጀመሪያውን «ዱም» ያወጣው ራሱ ኩባንያው። ይሄኛው የወጣው በፈረንጆቹ ማርች 20 ቀን 2020 ነው። ታሪኩ አጭር ነው፦ አጋንንት ምድርን ወረዋል፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊያጠፋቸው ተነስቷል። ሌላው ሁሉ ተኩስ ነው።

ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፣ ውስጡ ጂቲኤክስ 1650 የሚባል ግራፊክስ ካርድ አለው። ጌሙ ከ50 ጊጋ በላይ ስለሆነ ለማውረድ ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። «ይሄን ሁሉ ደክሜ በመጨረሻ ባይሠራስ» እያልኩ ነበር። ሠራ። ጥራቱን ትንሽ ዝቅ አድርጌ በሰከንድ 60 ፍሬም ያዘልኝ፣ ያውም ስክሪኑ በእሳትና በደም ተሞልቶ። ከዚህ በጣም ያነሰ ግርግር ያለባቸው ጌሞች በዚሁ ላፕቶፕ ላይ እየተንተፋተፉ አይቻለሁ። የኢድ ልጆች ኮድ መጻፍ ያውቁበታል።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ግን ስቃይ ነበሩ። መካከለኛውን ደረጃ መርጬ ነበር የጀመርኩት። ከግድግዳ ጀርባ እደበቃለሁ፣ አንገቴን ብቅ አድርጌ እተኩሳለሁ፣ ጥሩ ጥሩውን ጥይት ለክፉ ቀን እቆጥባለሁ። ክፉ ቀን ሁልጊዜ ከአስር ሰከንድ በኋላ ይመጣል። ሾትገኑ መጀመሪያ ላይ የሚይዘው 16 ጥይት ብቻ ነው። ሳላስበው ያልቃል። ባዶ ጠመንጃ ይዤ ስሮጥ ከኋላዬ የሚበርረው፣ የሚዘልለውና እሳት የሚተፋው ሁሉ ይከተለኛል። «ጥይት እንኳን በወጉ የማይሰጥ ጌም ምን ጌም ይባላል?» ብዬ ሁለት ቀን ዘግቼው ነበር።

የገባኝ ሦስተኛው ሌቭል ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጋኔን ተመትቶ ሲዳከም ሰውነቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ያኔ ቀርባችሁ በእጃችሁ ስትገነጥሉት ላይፍ ይሰጣችኋል። በሞተር መጋዝ ስትሰነጥቁት ጥይት ይዘንባል። ትከሻችሁ ላይ ባለው እሳት መትፊያ አቃጥላችሁ ስትመቱት ጥሩር ይወድቅለታል፣ ማለቴ ለእናንተ ይወድቅላችኋል። ላይፍ፣ ጥይት፣ ጥሩር፦ የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ ያለው ጠላት ላይ ነው። ጎተራው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሙሉ ከጎተራዬ እየሸሸሁ ነበር።

መጋዙ ሦስት ነጥብ ነዳጅ አለው። የመጀመሪያዋ ነጥብ ትንሽ ከጠበቃችሁ በራሷ ትሞላለች፣ በእሷ ደግሞ አንድ ትንሽ ጋኔን መሰንጠቅ ይቻላል። ትንንሾቹ ዞምቢዎች ትልልቆቹ እስኪያልቁ ድረስ መምጣታቸውን አያቆሙም። መጀመሪያ ላይ «እነዚህ ደግሞ ለምን አያልቁም» ብዬ እበሳጭ ነበር። ለካ ጠላት አይደሉም፣ ስንቅ ናቸው። ሁሉንም ፈጅቶ ከትልቁ ጋር ብቻውን የቀረ ሰው ምሳውን ቤት ረስቶ መንገድ እንደወጣ ነው።

በትንሽ ወረቀት «ላይፍ ሲያንስ ወደ ፊት» ብዬ ጽፌ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ። ታናሽ ወንድሜ አይቶ «የጸሎት ቤት ጥቅስ ነው?» አለኝ። እሱ ይሳቅ፣ ከወረቀቱ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ልሞት ስል ወደ ጠላት መሮጥ ለእጅም ለልብም ከባድ ነው። ሲለመድ ግን ሌላ ጌም ውስጥ ያላገኘሁት ነገር ነው። ለእኔ የዚህ ጌም ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነው። ግራፊክሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ። አንድ ማታ እናቴ ቡና ይዛልኝ ገባች። ስክሪኑ ላይ ካኮዲሞን የሚባለው ተንሳፍፎ ነበር፦ ድብልብል፣ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ ዓይንና ግማሽ አካሉን የሚያክል አፍ ያለው። ቆም ብላ አየችውና «አንተ፣ ይሄ ቀይ ሽንኩርት ምን አድርጎህ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ስሙ ሽንኩርቱ ሆኖ ቀረ።

እያንዳንዱ ጋኔን የራሱ ደካማ ጎን አለው። ሽንኩርቱን በጥይት ብቻ ልጣለው ካላችሁ ጥይታችሁን ጨርሶ ይስቅባችኋል። አፉን ሲከፍት ከሾትገኑ የምትተኮሰውን ተጣባቂ ቦምብ ካጎረሳችሁት ግን ይውጣታል፣ ውስጡ ትፈነዳለች፣ በአንዴ ይዳከማል። ሸረሪት የሚመስለው አራክኖትሮን ጀርባው ላይ መድፍ አለው፣ መጀመሪያ መድፉን ስበሩ። ማንኩበስ የሚባለው ወፍራሙ ደግሞ ኃይሉ ያለው ሁለቱ ክንዶቹ ላይ ነው። ከጭንቅላታቸው በላይ ላይፍ የሚያሳይ መስመር የለም። ስትመቷቸው ሥጋቸው እየተገሸለጠ አጥንታቸው ይታያል፣ ምን ያህል እንደቀራቸው የምታውቁት በዚያ ነው። ለቁርስ ሰዓት የሚሆን ወሬ አይደለም፣ ግን በጣም ብልህ አሠራር ነው።

ችግሩ ጣት ነው። መዝለያ፣ ራስን መወርወሪያ፣ ቦምብ፣ በረዶ፣ እሳት፣ መጋዝ፣ ቡጢ፣ በዚያ ላይ ስምንት ዘጠኝ የጦር መሣሪያ። በጆይስቲክ ስትጫወቱ የመሣሪያ መምረጫው ክብ ሲከፈት ጊዜው ዝግ ይልላችኋል። በኪቦርድ ደግሞ ቁጥሮቹን በቀጥታ መምታት ይቻላል፣ ግን ግራ እጃችሁ ማሲንቆ እየተለማመደ ያለ ይመስላል። እኔ የረዳኝ ሁሉንም በአንዴ አለመማሬ ነው። አንድ ሳምንት ሾትገንና መጋዝ ብቻ። ቀጥሎ እሳቱን ጨመርኩ። ከዚያ ሱፐር ሾትገኑን፣ ጫፉ ላይ ጠላት የሚይዝ መንጠቆ ያለውን። መንጠቆው እናንተን ወደ ጋኔኑ ይጎትታችኋል፣ እሱን ወደ እናንተ አይደለም። ስለ መንጠቆው ብቻ ሌላ ጽሑፍ መጻፍ እችል ነበር።

በሌቭልና በሌቭል መሃል የምትመለሱበት ግንብ ውስጥ ሪፓቶሪየም የሚባል የመለማመጃ ክፍል አለ። ብዙ ሰው አንዴ አይቶት ያልፋል። እኔ ግን ከመጀመሬ በፊት በየቀኑ አሥራ አምስት ደቂቃ እዚያ አሳልፋለሁ። ሞት ምንም አያስከፍልም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከወሰዳችሁ ይህንን ውሰዱ።

እሺ፣ ድክመቱስ?

የመጀመሪያው ማስተማር አለመሰልቸቱ ነው። አዲስ ጋኔን በመጣ ቁጥር ጌሙ ቆሞ በትልቁ ጽፎ ይነግራችኋል፦ ይሄን እዚህ ምታው፣ ያንን እንዲህ አድርገው። ለጀማሪ ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ራሴ ላገኘው የምችለውን ነገር አፌ ላይ ሲነጥቀኝ ያናድዳል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ዝላዩ። ከውጊያ ወደ ውጊያ ስትሄዱ ግድግዳ መቧጠጥ፣ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መወንጨፍ፣ ገደል መዝለል አለ። ትንፋሽ ለማሳረፍ አስበው ይመስለኛል። አንዳንዴ ያሳርፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ልቤ ገና እየመታ ሳለ የሰርከስ ልጅ ሁን ይለኛል። በዚህ ላይ ሐምራዊ ጭቃ የሚባል ጣጣ አለ። ውስጡ ስትገቡ መዝለልም ራስን መወርወርም አይቻልም። እንቅስቃሴው ነፍሱ የሆነ ጌም፣ እግርን የሚያስር ወለል ለምን እንዳስገባ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የታሪኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አብዛኛው ታሪክ በየመንገዱ በሚለቀሙ ጽሑፎች ውስጥ ተቀብሯል። እኔ የመጀመሪያዎቹን አራት አነበብኩ፣ ከዚያ ተውኩ። በኢንተርኔት የሚደረገውንም፣ አንዱ ተዋጊ ሁለቱ ጋኔን ሆነው ሰዎች የሚገጥሙበትን፣ ሁለት ማታ ሞከርኩት። ከእኔ ኔትወርክ ጋር አልተግባባም፣ ስለዚህ አልፈርድበትም።

ዋናው ክርክር ማራውደር የሚባለው ጠላት ነው። ስድስተኛው ሌቭል መጨረሻ ላይ ይመጣል። በአንድ እጁ መጥረቢያ፣ በሌላው ሾትገን፣ ሲፈልግ የኃይል ጋሻ። ከራቃችሁት ከመጥረቢያው የእሳት ምላጭ ይወረውራል። ከተጠጋችሁት በሾትገን ይመታችኋል። ጋሻውን ከመታችሁት ውሻ ይለቅባችኋል። ቢኤፍጂ የሚባለውን፣ ሌላውን ሁሉ አመድ የሚያደርገውን መሣሪያ እንኳን ይመክተዋል። የሚመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ በመካከለኛ ርቀት ስትቆሙ፣ መጥረቢያውን አንስቶ ሲመጣና ዓይኑ አረንጓዴ ብልጭ ሲል። የግማሽ ሰከንድ ያህል ዕድል ነው።

ሞቴን መቁጠር ትቻለሁ ብያለሁ፣ እሱን ግን ቆጥሬዋለሁ። 19 ጊዜ።

ምክንያቱን ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። እናቴ «ሽንኩርቱንስ ታገሥኩ፣ ግን በጾም ይሄ የጋኔን ጩኸት ከቤቴ አይሰማም» ብላኝ ድምፁን አጥፍቼ ነበር የምጫወተው። ማራውደር ሲያጠቃ ግን ከአረንጓዴው ብልጭታ ጋር የራሱ ድምፅ አለው። ዓይኔ በግርግሩ መሃል የሚስተውን ጆሮዬ ይይዘው ነበር። የጆሮ ማዳመጫ ገዝቼ ስመለስ በሦስተኛው ሙከራ ጣልኩት። ፊፋ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት እንደ መጠበቅ ነው፦ ቀድሞ የዘለለ በረኛ ይሸወዳል። ዓይኑ ሲበራ በሱፐር ሾትገን መምታት፣ ወዲያው ባሊስታ ወደሚባለው መሣሪያ ቀይሮ መድገም፣ ከዚያ ወደ ኋላ።

በነገራችን ላይ ማዳመጫው ሌላም በረከት ነበረው። የሚክ ጎርደንን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥርዓት ሰማሁት። ውጊያው ሲግል አብሮ ይግላል። ለዘፈኑ የሄቪ ሜታል ጩኸት የሚችሉ ሰዎችን ሰብስቦ መዘምራን አቋቁሟል። እናቴ እንኳን ያልሰማችው።

ታዲያ ማራውደር ድክመት ነው ወይስ ጥንካሬ? ብቻውን ሲመጣ ወድጄዋለሁ። ከሌሎች ጋር ሲቀላቀል ግን ድክመት ነው እላለሁ። ጌሙ አሥር ሰዓት ሙሉ «አትቁም፣ ሂድ፣ ግባ» ብሎ አስተምሮኝ፣ ይሄ ሰውዬ መጥቶ «እዚህ ጋ ቆመህ ጠብቀኝ» ይላል። እሱን ስጠብቅ ሽንኩርቱ ከጀርባዬ ይነክሰኛል።

ይህ ቅሬታ ከማራውደርም ይሰፋል። የ2016ቱን «ዱም» የወደዱ ሁለት ጓደኞቼ ይሄኛውን ጠልተውታል። በዚያኛው አንድ የወደድከውን ጠመንጃ ይዘህ እስከ መጨረሻ መዝለቅ ትችላለህ፣ ጥይት እንደ ልብ ነው። ይሄኛው ግን ሁሉንም እንድትጠቀም ያስገድዳል። የጌሙ ዳይሬክተር ሁጎ ማርቲን «የደስታ ቀጠና» የሚለው ሐሳብ አለው፣ ጌሙ በጣም የሚጣፍጥበት አጨዋወት ማለቱ ነው፣ ተጫዋቹን ወደዚያ መግፋት ይፈልጋል። እኔን ገፍቶ አስገብቶኛል፣ ባይገፋኝ ዛሬም ከግድግዳ ጀርባ ነበርኩ። አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ከባዱን ደረጃ ስጫወት ግን የጓደኞቼ ብሶት ይገባኛል። መልሱን አግኝታችሁ እንኳን «በእኔ መንገድ ሥሩት» የሚል የሒሳብ አስተማሪ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

የጌሙ ጥፋት ያልሆነች አንዲት ችግር ልጨምር። ሴቭ የሚያደርገው ራሱ በወሰናቸው ቦታዎች ነው፣ ውጊያ መሃል ላይ ማስቀመጥ የለም። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ፍሬሙ ግን ግማሽ ይሆናል። አጋንንቱ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቁም። ስለዚህ ትልቅ ውጊያ ከመጀመሬ በፊት ወንድሜን «መብራቱ ሲያብለጨልጭ ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አሁን ያለሁት አልትራ ቫዮለንስ በሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ ነው፣ ሱፐር ጎር ኔስት የሚባለው ሌቭል። ቁልፍ ፈልጋችሁ የምትከፍቱት፣ በፈቃድ የሚገባበት፣ ከጀርባው ከባድ ውጊያ ያለበት የስሌየር በር የሚባል አለ። በጠቅላላው ስድስት በሮች አሉ፣ ሁሉንም የጨረሰ ልዩ መሣሪያ ያገኛል። ይሄኛው ጠባብ ነው፣ መሮጫ የለውም፣ ትልልቆቹ ተደራርበው ይመጣሉ። ትናንት ማታ የመጨረሻው ዙር ደርሼ ሁለት ብቻ ሲቀሩኝ መጋዙን ባዶ አገኘሁት። ሳልሞላው ትንሿን ነጥብም አባክኜ ነበር። የሞላ ነዳጅ ይዛችሁ ግቡ። በሩን ያለፋችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ማንን እንደጣላችሁ ጻፉልኝ።