የቀሚሴ ጥለት ሸራ ጫማዬ ላይ

ጥምቀት ሲቃረብ የሴቱ ሁሉ ወሬ ቀሚስ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለ! እኔ ግን ከቀሚሱ እኩል የማስበው ስለ ጫማው ነው። በከተራ ታቦት አጅቦ እስከ ጃን ሜዳ መሄድ፣ በማግስቱ ደግሞ እየጨፈሩ መመለስ በታኮ ጫማ የሚሞከር አይደለም። ተራ ሸራ ጫማ ይመቻል፤ ከሐበሻ ቀሚስ ስር ሲታይ ግን ባዶ ነው። ስለዚህ ነጭ ሸራ ጫማ እገዛና ከቀሚሴ በተረፈ ጥለት እቤት ራሴ አስጌጠዋለሁ።

ጨርቁን ለብቻው መግዛት አያስፈልግም። ቀሚስ ሲሰፋ ከርዝመቱም ከእጅጌውም የሚቆረጥ ነገር አይጠፋም። ሽሮ ሜዳ የሚሰፉልኝን ጋሼ «የተረፈውን እንዳይጥሉብኝ» ስላቸው «ምን ሊያደርግልሽ?» አሉኝ። ለጫማ እንደሆነ ነገርኳቸው። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አገላበጡና መስቀል ያለበትን ለይተው አስቀሩት። «ይሄ እግር ላይ አይሆንም፣ ልጄ። ይሄኛውን ውሰጂ» ብለው ሰያፍ መስመር ያለውን ሰጡኝ።

እውነታቸውን ነው። ብዙ ጥለት መስቀል አለበት፤ አንገታችን ላይ የምናስረውን እግራችን ላይ ማድረግ ለእኔም ይከብደኛል። አጠገቤ ቆመው ታቦት የሚሸኙ እናቶችንም ቅር ያሰኛል። ስለዚህ ቁራጩን ስትመርጡ ከቀለሙ በፊት ቅርጹን እዩ። ሰያፍ መስመር፣ ዚግዛግ፣ ደርዝ ደርዝ ያለ ቀለም ሞልቷል። ቀሚሱን ገና የምታሸምኑ ከሆነ ደግሞ ሸማኔውን መስቀል የሌለበት አንድ ሁለት ስንዝር ጨምሮ እንዲሠራላችሁ ንገሩት።

የድሮ ቀሚስም ትልቅ ሀብት ነው። ሸማው ሳስቶ ሲቀደድ ጥለቱ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይቆያል። የእናቴ አሮጌ ቀሚስ ጥለት ከአዲሱ የበለጠ ያምረኛል። ቀለሙ በረድ ያለ ነው፣ ታጥቦ ታጥቦም አይለቅም። አዲስ ጥለት ከሆነ ግን መጀመሪያ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩት። ቀዩ ከለቀቀ ነጩን ጫማ ያበላሻል።

አሁን ወደ ሥራው። ጫማውን፣ አዲስም ቢሆን፣ ክሩን አውጥታችሁ በሳሙና እጠቡትና ጥላ ላይ አድርቁት። አቧራ ያለበት ሸራ ኮላ አይዝም። ሲደርቅ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ቅርጹን ይያዝ። ከዚያ ስስ ወረቀት ጎኑ ላይ ለጥ አድርጋችሁ የስፌቱን መስመር በእርሳስ ጎን ፈተግ ፈተግ ብታደርጉት ልኩ ይወጣል። ለሌላው እግር ወረቀቱን መገልበጥ እንዳይረሳ። የሁለቱ ጫማ ጥለት ፊት ለፊት ሲተያይ ነው የሚያምረው።

ሸራውን ሙሉ ለሙሉ መሸፈን አልወድም። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጨርቅ ከለበሰ ትንሽ እንደተራመዱ ይጨማደዳል፣ ይላቀቃልም። ጥለቱ የሚያምረው ተረከዙ ላይ፣ ጎኑ ላይና ምላሱ ላይ ነው። የክር ማስገቢያው ቀለበቶችም ባይሸፈኑ ይሻላል። የፊቱ ነጭ ሲቀር ደግሞ ጥለቱ ይጎላል። ሐበሻ ቀሚስስ ውበቱ ከነጩ አይደል!

ዋናው ጥንቃቄ መቁረጡ ላይ ነው። ጥለት በእጅ ገብቶ የተሸመነ ክር ስለሆነ መቀስ ሲነካው ይተረተራል። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የለቀመውን በአንድ ደቂቃ መበተን ያሳዝናል። ስለዚህ ጀርባው ላይ ልኩን ለማጠፊያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምራችሁ አሥምሩ፣ መስመሩን ተከትላችሁ ነጭ ኮላ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ቁረጡ። ክብ የሚዞርበት ቦታ ላይ ማጠፊያውን በመቀስ ጫፍ ብጥስ ብጥስ ካደረጋችሁት ሳይጨማደድ ይተኛል።

ስለ ማስቲሽ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ስስ ሸማ ላይ ግን ወደ ፊት ዘልቆ ቢጫ እድፍ ይተዋል። ሽታውም ቤት ውስጥ፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ ጥሩ አይደለም። ነጩ ኮላ ሲደርቅ አይታይም፣ ውሃ ሲነካው ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ እኔ ኮላውን የምጠቀመው ጨርቁን ቦታው ላይ ለመያዝ ብቻ ነው። የሚያጸናው መርፌ ነው። ጠርዙን ሁሉ የጫማውን የራሱን ስፌት ተከትዬ በጠንካራ ክር እሰፋዋለሁ። ቀድሞ የተበሳውን ቀዳዳ ስለምከተል መርፌው ብዙም አይታገለኝም። ተረከዙ ላይ ሸራው ድርብ ስለሆነ መርፌውን በፒንሳ ስቤ አወጣዋለሁ። ጣታችሁ ከደከመ ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ በወስፌ ቶሎ ይጨርስላችኋል። ጨርቁን ቆርጣችሁ፣ ለጥፋችሁ ከወሰዳችሁለት ሥራው ለእሱም ቀላል ነው።

የእጅ ሽመና ጫማ ላይ ሲያምር አገር ውስጥ ቀድሞ የታየ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የጀመረችው ሶልሬብልስ የተባለ የጫማ ድርጅት ከአሮጌ ጎማና በእጅ ከተሸመነ ጥጥ ጫማ እየሠራ ውጭ አገር ድረስ ሸጧል። እኛ ቤት የምንሠራው ለራሳችን ነው፣ ግን ያው የሸማኔ እጅ ነው።

ይህ ጫማ የበጋ ጫማ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ አታስገቡት። ሲቆሽሽ አትዘፍዝፉት፤ በቀዝቃዛ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጉት።

ለልጆች ስትሠሩ ደግሞ ተረከዙ ላይ ብቻ ይሁን፣ ኮላም አታብዙበት። የልጅ እግር ዓመት አይጠብቅም። ጫማው ሲጠብ ስፌቱን ተርትራችሁ ጥለቱን ለሚቀጥለው ጫማ ታዞሩታላችሁ። ለእህቴ ልጅ አምና የሰፋሁላት ዘንድሮ ወደ ሁለተኛው ጫማዋ ተሻግሯል፣ ጥለቱ አሁንም ደህና ነው።