ከሰንዳፋ ጓሮ እስከ አላስካ ድንበር፦ የኬንትሮስ ልምምዴ

ሰሞኑን የያዝኩት ጥያቄ አንድ የኬንትሮስ መስመር (በካርታ ላይ ከዋልታ እስከ ዋልታ የሚሰመረው) ዋልታውን ተሻግሮ በምድር ጀርባ ሲወርድ ምን ላይ ይደርሳል የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዲግሪውን ከ180 ትቀንሳላችሁ፣ ምሥራቁን ምዕራብ ትሉታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1884 ዋሽንግተን ላይ መነሻ እንዲሆን የተመረጠው የግሪንዊች መስመር ተቃራኒው 180 ነው። የቀን መለወጫው መስመር ግን ለደሴቶቹ ሲል እየታጠፈ ስለሚሄድ ከ180 ጋር አንድ አድርጋችሁ እንዳትይዙት።

ከለገጣፎ ወጥተን ሰንዳፋ ልንገባ ስንል 39 ዲግሪ ምሥራቅን እንሻገራለን። ይህን መስመር በአትላስ ላይ ወደ ሰሜን ስከተለው ላሊበላን ሊነካ ትንሽ ቀረው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በሩሲያ በኩል አልፎ ሰሜን ዋልታ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያው ክብ 141 ዲግሪ ምዕራብ ሆኖ ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ አላስካንና ካናዳን የሚለየው ድንበር ነው! ሩሲያና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1825 የተዋዋሉበት መስመር ሲሆን፣ ዛሬ ጫካው በመስመሩ ልክ ተመንጥሮ ይታያል። በእኛ በኩል የጤፍ ማሳ ላይ ምልክት ሳይተው ያልፋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ያንን መንገድ እንደ ድሮው አላየውም።

መስመሩን መሬት ላይ ለማስመርም ጓሮ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት በቱምቢ አቆምኩ፤ ዙሪያውን በገመድ ክብ ሠራሁ። የጥላው ጫፍ ጠዋት ክቡን ሲነካ አንድ ምልክት፣ ከሰዓት መልሶ ሲነካ ሌላ ምልክት። የሁለቱን መካከል ከእንጨቱ ጋር የሚያገናኘው መስመር የራሳችሁ ኬንትሮስ ነው። የሁለቱ ሰዓቶች አጋማሽ ደግሞ እውነተኛው ቀትር ነው፤ በዚያች ቅጽበት 141 ላይ እኩለ ሌሊት ነው።

ቀትሩ ስድስት ሰዓት ላይ አይውልም። ሰዓታችን የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይ አንዱን ዲግሪ በ4 ደቂቃ ስለምትሄድ እኛ ጋ በአማካይ 6፡24 ላይ ትደርሳለች። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት ፍጥነትና የዘንግዋ ማዘንበል ይህን ያወዛውዘዋል፦ በጥቅምት መጨረሻ 6፡08 ገደማ፣ በየካቲት መጀመሪያ 6፡38 ገደማ። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን የቀትር ጥላ ይጠፋል፤ ለዚህ ሥራ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው።

አምቦ ያላችሁ ልጆች በአንድ ቀን አብረን ብንለካ ደስ ይለኛል። የእናንተ ቀትር ከሰንዳፋው 4 ደቂቃ ተኩል ያህል መዘግየት አለበት።