ሰርኪውት ቦርድ በካውያ፦ 11 ሰሌዳ ያበላሸሁበት ምክንያት

የፈለግሁት በ555 አይሲ (ጊዜ በሚለካ ትንሽ ቺፕ) የሚሠራ፣ የውኃ ፓምፕን በተወሰነ ጊዜ የሚያጠፋ ትንሽ ሰርኪውት ነበር። የሠራልኝ 12ኛው ሰሌዳ ነው። ከዚያ በፊት ካበላሸኋቸው 11 ሰሌዳዎች ዘጠኙን ያጣሁት አንድ ደረጃ ላይ ነው፤ ቶነሩን ከወረቀት ወደ መዳብ በማሻገር። መመሪያዎች ይህን ደረጃ በሁለት መስመር ያልፉታል። እኔን ሦስት ሳምንት ይዞኛል፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

የዘዴው መሠረት ቀላል ነው። የሌዘር ፕሪንተር ቶነር በሙቀት የሚቀልጥ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ሥዕሉ አንጸባራቂ የመጽሔት ወረቀት ላይ ይታተምና መዳብ በለበሰ ሰሌዳ ላይ በልብስ ካውያ ይጫናል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ መዳቡን ይይዛል። ሰሌዳው ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ሲገባ ቶነር ያልሸፈነው መዳብ ተበልቶ ያልቃል፣ የተሸፈነው ይቀራል። ኢንክጄት ፕሪንተር ለዚህ አይሆንም።

ሥዕሉን በኪካድ፣ የሰርኪውት መንደፊያ በሆነ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሠራሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከ0.5 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር አታድርጉ። ፕሪንተሩ ሥዕሉን ከገጹ ጋር እንዲያመጣጥን አትፍቀዱለት፤ የአይሲ እግሮች በ2.54 ሚሊ ሜትር ስለሚራራቁ፣ ከታተመ በኋላ አይሲውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ማየት ይበቃል። በመዳቡ በኩል አንድ ፊደል ጻፉ፤ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ መታየት አለበት። እኔ «ሀ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ሀ» ደግሞ ቢገለበጥም ያው «ሀ» ነው። በዚህ አንድ ሰሌዳ ሄደብኝ። አሁን «ረ» እጽፋለሁ።

የፕሪንተሩ መመሪያ ከተፈቀደ ወረቀት በቀር ሌላ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል። እኔ የመጽሔት ወረቀት አስገብቻለሁ፤ አልጸጸትም። ነገር ግን ያልተጨማደደ ወረቀት አንድ በአንድ በእጅ ይግባ። ለኢንክጄት የተሠራ ፕላስቲክ የተቀባ የፎቶ ወረቀት ግን ውስጥ ቀልጦ ማሽኑን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ በዚህ ነገር መመሪያውን ስሙ።

ወደ ካውያው ልመለስ። ያነበብኩት ሁሉ «ካውያው በጣም ይጋል፣ ሦስት ደቂቃ ይተኮስ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጣል» ይላል። እንደ ልብስ ወዲያና ወዲህ እየገፋሁ ተኮስኩ፤ ቶነሩ ተዳጦ ጎን ለጎን ያሉት መስመሮች ተጣበቁ። ሙቀቱን ቀነስኩ፤ ወረቀቱ ሲላጥ ቶነሩም አብሮት ተላጠ። ወረቀቱ ነው ብዬ አራት ዓይነት ወረቀት ቀየርኩ። ስድስተኛው ሰሌዳ ላይ መሃሉ ይዞ፣ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ባዶ ቦታ ቀረ። ሰሌዳውን ካውያው ሥር አስጠግቼ ሳስተያየው ክቦቹ ከእንፋሎት ማውጫ ቀዳዳዎቹ ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ። ቀዳዳ ባለበት ቦታ ሙቀትም ጫናም የለም። ስድስት ሰሌዳ እስካበላሽ ድረስ ካውያውን ገልብጬ አለማየቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በደረቅ፣ ቀዳዳ በሌለው ካውያ ቀጠልኩ። ሰባተኛው ላይ ከጥጉ አጠገብ ቶነር ያልያዘ እንቁላል የሚመስል ቦታ ነበር፤ አቅርቤ ሳየው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፣ እያንዳንዱ መስመር ሳይቀር ይታያል። ካጸዳሁ በኋላ ነክቼዋለሁ። የቀሩት ሁለቱ የተበላሹት ደግሞ ፕሪንተሩ ቶነር በሚቆጥብበት ምርጫ ላይ ስለነበር ነው። ከወራት በፊት ራሴ መርጬው ረስቼዋለሁ። ጥቁር የመሰለኝ መስመር ብርሃን ላይ ሲያዝ እንደ ወንፊት ነበር።

የሠራልኝ እንዲህ ነው። መዳቡን ዕቃ በሚፈገፈግበት ቀጭን ሽቦና በሳሙና ፈግፍጉት፤ ውኃ ሲፈስበት ጠብታ ሳይሠራ እንደ ስስ ሽፋን ከተዘረጋ ንጹሕ ነው። በአሲቶን ጥረጉት፤ ከዚያ በኋላ በጠርዙ ብቻ ያዙት። መዳብ ሙቀትን ወዲያው ስለሚበትን፣ ወረቀቱ ከመቀመጡ በፊት ባዶውን ሰሌዳ አንድ ደቂቃ አሙቁት። ከሥሩ ብርድ ልብስ አታንጥፉ፤ ጠንካራ ጣውላ ይሁን። ከዚያ ሳትገፉ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ፤ ካውያውን አንሥታችሁ ሌላ ቦታ አሳርፉ፤ ጠርዞቹን በካውያው ጫፍ ድገሙ።

«ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። እኔ ሰሌዳው እጅ እስኪችለው ድረስ ጠብቄ፣ ለብ ባለ ውኃ 20 ደቂቃ እዘፈዝፈዋለሁ። ወረቀቱ በአውራ ጣት ሲታሽ እየተድበለበለ ይወጣል። በመስመሮቹ መካከል የሚቀረው እርጥብ ሲሆን አይታይም፤ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያነሣዋል። ካልተነሣ መዳቡ እዚያ ቦታ አይበላም።

የተቀረው ፈጣን ነው። ፌሪክ ክሎራይዱ በፕላስቲክ ዕቃ፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ፣ ሰሌዳው እየተወዛወዘ። ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ። የመዳቡ ውፍረት 35 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ አንዱን ሰሌዳ ለአንድ ሰዓት ረስቼው ፈሳሹ በቶነሩ ሥር ገብቶ መስመሮቹን ጨረሰብኝ። ሲያልቅ ቶነሩን በአሲቶን አንሡ፤ በ0.8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱ፤ አቧራው የመስታወት ቃጫ ስላለበት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

በጣም የምጸጸትበትን መጨረሻ ላይ አስቀርቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ያገለገለ ፈሳሽ በመታጠቢያ ገንዳ ደፍቼዋለሁ። ውስጡ የሟሟው መዳብ የውኃ ፍጥረታትን ይጎዳል፣ ፈሳሹም የብረት ቱቦ ይበላል፤ ይህን ያወቅሁት ከደፋሁት በኋላ ነው። የአሁኑ በጥብቅ በተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት፣ አደገኛ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ እስክሰጠው ድረስ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

12ኛውን ሰሌዳ የበየድኩት ማታ ነው። ኃይሉን አገናኝቼ ሰዓቴን ይዤ ተቀመጥኩ። ጊዜው ሲሞላ ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ሪሌዩ፣ ቀጭ አለ፤ ፓምፑ ቆመ።