ሞንቴኔግሮን በአንድ ገጽ

የመጽሔት አዘጋጅ የሆነ ወዳጄ «ስለ ሞንቴኔግሮ አንድ ገጽ ጻፍልኝ» ሲለኝ ግማሽ ቀን ይበቃኛል ብዬ ነበር። በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ያለች ትንሽ አገር ናት፤ የቆዳ ስፋቷ 13,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢትዮጵያ ሰማንያ ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ምን ይከብዳል? ሳምንት ሙሉ ወሰደብኝ።

መጀመሪያ የሳትኩት ተራራው ላይ ነው። አገሬው አገሩን «ጽርና ጎራ»፣ ጥቁር ተራራ ይላታል። ስለዚህ ከተራራ ጀመርኩ፤ ከአሮጌ አትላስ «ቦቦቶቭ ኩክ፣ 2,523 ሜትር» ብዬ ገለበጥኩ። ለካስ ረጅሙ በአልባኒያ ድንበር ላይ ያለው ዝላ ኮላታ ነው፤ 2,534 ሜትር። በ11 ሜትር ተሸወድኩ።

ሁለተኛው ስህተት ግን ያሳፍራል። መገበያያቸው ዩሮ መሆኑን ሳይ «የአውሮፓ ኅብረት አባል» ብዬ ጻፍኩ። አይደሉም። በ1999 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የዩጎዝላቪያን ዲናር ሽሽት የጀርመን ማርክ መጠቀም ጀመሩ። በ2002 ማርኩ ሲቀር ዩሮውን ያዙ። የኅብረቱ እጩ የሆኑት በ2010 ነው። የራሳቸው ገንዘብ ስለሌላቸው ችግር ሲመጣ አትመው መውጣት አይችሉም።

የሕዝቡ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በ2023 ቆጠራ 623,633 ሰው ተገኘ። ከ2011ዱ የሚበልጠው በ3,604 ብቻ ነው። ራሱን ሞንቴኔግሯዊ ያለው 41 በመቶ፣ ሰርብ ያለው 33 በመቶ ነው። ቋንቋ ሲጠየቁ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ 43 በመቶው ሰርብኛ፣ 35 በመቶ የማይሞላው ሞንቴኔግሪኛ ብሏል። ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። እኔ «ቋንቋቸው ሞንቴኔግሪኛ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። ሕገ መንግሥቱም እንደዚያ ይላል፤ ሰዉ ግን ሌላ መለሰ። ቆጠራ ፖለቲካ እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ቁጥሩን ሁሉ ደርድሬ ሳነበው የስልክ ማውጫ መሰለ። ቀደድኩት። ካርታ አወጣሁና በ1976 ያለቀውን የባቡር ሐዲድ በጣቴ ተከተልኩ። መነሻው ባር ነው፤ ወደብ ናት፣ የመጠጡ ባር አይደለም። እዚያ ስለ ባሕሩና ከኢኮኖሚው ሩብ ያህሉን ስለሚይዘው ቱሪዝም ጻፍኩ። ከዚያ የስካዳርን ሐይቅ አቋርጦ ፖድጎሪጻ ይገባል። ዋና ከተማዋ ናት፤ እስከ 1992 ቲቶግራድ ነበር ስሟ። አሉሚኒየም ማቅለጫዋ ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ቆሟል። ከከተማዋ በላይ ተራራው ይጀምራል፤ ሰሜኑ ነው፣ ወጣቱ ጥሎት የሚሄደው።

በዚያው አቅጣጫ ከቻይና በ2014 በተበደሩት 944 ሚሊዮን ዶላር የተሠራ አውራ ጎዳና አለ። ከብድሩ የተገኘው 41 ኪሎ ሜትር ነው። ገቢው በዩሮ፣ ዕዳው በዶላር። እዚህ ላይ ሦስት አንቀጽ አጠፋሁ። ኢኮኖሚውን ከየትኛውም ሰንጠረዥ የበለጠ የሚያሳየው ይህ መንገድ መሰለኝ።

አዘጋጁ መንገዱን አልነካብኝም። ባቡሩ ወደ 200 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሻገርበትን የማላ ሪየካ ድልድይ ግን «ቦታ የለም» ብሎ ቆረጠው። እስካሁን ይቆጨኛል።