ከቦክሰር ወደ 600፦ ከሐዋሳ እስከ ደሎ መና

ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ በሚወጣው ዳገት ላይ የተጫነ አይሱዙ ከፊታችሁ ከገባ፣ በቦክሰር ሞተር ሳይክል ምርጫ የላችሁም። ጭሱን እየጠጡ መከተል ነው። ማርሽ ትቀንሳላችሁ፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ትሰጣላችሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ አይሱዙው ግን እዚያው አጠገባችሁ ነው። ከፊት መኪና ብቅ ሲል ተመልሳችሁ ከኋላው ትገባላችሁ። እህቴ ሮቤ ስለምትኖር ይህን ዳገት ለዓመታት እንዲህ ነው የወጣሁት።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ግን በሌላ ሞተር ሄድኩ። ያማሃ ኤክስቲ 600 ነው። አሮጌ ነው፤ ባለቤቱ ከአገር ሲወጣ ሸጠልኝ። አንድ ሲሊንደር፣ 595 ሲሲ፣ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ። ቦክሰሬ ባለ 150ው ነው፤ ጉልበቱ 12 ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንት ይበራል?» እውነቱን ለመናገር፣ ትልቅ ሞተር ላይ ከፍጥነቱ በፊት የሚወራ ብዙ ነገር አለ።

ለምሳሌ ቁመቱ። መቀመጫው ከመሬት 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ደግሞ ረጅም የምባል ሰው አይደለሁም። ቦክሰር ላይ ሁለት እግሬን ዘርግቼ ነበር የምቆመው፤ እዚህ ላይ በእግሬ ጣቶች ነው። ቤንዚንና ዘይት ሲሞላ 170 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲሄድ ይህ ክብደት ይጠፋል፤ ሲቆም ይመለሳል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ የት እንደምቆም ቀድሜ መምረጥ ጀመርኩ። ግራ እግሬ የሚያርፍበት ቦታ ጉድጓድ ከሆነ አልቆምም።

መካኒኬ ዕድሜውን ሙሉ ቦክሰርና ባጃጅ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። ሞተሩን ሳሳየው ዞሮ ዞሮ አየውና፣ «ልጄ፣ የዚህ ዕቃ ሲሰበር ሶማሌ ተራ ድረስ ነው የምትልከኝ» አለኝ።

«ጋሼ፣ ሳይሰበር ምን ላድርግለት?»

«ዘይቱን ሞተሩ ሞቆ ነው የምትለካው። ቀዝቃዛ ሆኖ እንዳትለካ።»

ምክንያቱን ያወቅኩት በኋላ ነው። የዚህ ሞተር ዘይት እንደ ቦክሰር ከታች አይቀመጥም፤ ሞተር ሳይክሉን የተሸከመው ፍሬም፣ ማለትም ብረቱ ውስጥ ነው ያለው። ሲያድር ወደ ታች ይንጠባጠባል። ጠዋት ስትለኩት የጎደለ ይመስላል። ጨምራችሁ ከሞላችሁት ደግሞ ሲነሳ ይተርፋል።

ኮፈሌ ዳገት ላይ አይሱዙው ጠበቀኝ። ያው አንዱ አይሱዙ ነው፤ ጭሳቸው አንድ ነው። አራተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። ማርሽ ሳልነካ ነዳጅ ሰጠሁት፣ አለፍኩት፣ ወደ መስመሬ ገባሁ። ቁም ነገሩ መቅደሜ አይደለም። በተቃራኒው መስመር ላይ የቆየሁት ጥቂት ሰከንድ ብቻ መሆኑ ነው። በትንሽ ሞተር እንደሚሞከረው ረጅም መቅደም ያለ አስፈሪ ነገር የለም። ትልቁ ሞተር ከዚህ አንፃር ደህና ነው የምለው ለዚህ ነው።

ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቦክሰር 80 ላይ ሲደርስ ይነግራችኋል። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮ ይደነቁራል፣ እጅ ይደነዝዛል። ይሄኛው 80 ላይ ገና ቀዝቀዝ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፍጥነት የሚያሳየውን ሰዓት ማየት ግድ ነው፤ በጆሮ መተማመን ቀረ። ከኮፈሌ በኋላ መንገዱ ወደ ስንዴና ገብስ ሜዳ ሲገባ ደግሞ ቀጥ ያለ ነውና ያታልላል። ወቅቱ አጨዳ ነበር። ጉብታውን ሲያልፉ ኮምባይነር መንገዱን ሙሉ ይዞ ይመጣል። ፈረስ አለ፣ ከብት አለ፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቀ ልጅ አለ። እና የዚህ ሞተር የፊት ፍሬን ዲስክ ነው። ቦክሰር ከፊትም ከኋላም ከበሮ ስለሆነ እጀታውን ጨብጣችሁ ነው የምትይዙት። ይሄኛውን በሁለት ጣት ነካ ማድረግ ይበቃል። ከሐዋሳ ሳልወጣ ባዶ ሜዳ ላይ ደጋግሜ የተለማመድኩት ይሄንኑ ብቻ ነው።

ዶዶላ ሻይ ጠጣሁ፤ ጭኮም ነበር። አዳባን አልፌ ወደ ዲንሾ ስወጣ ብርዱ ጀመረ። ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኖች መንገድ ዳር ቆመው ነበር። የአሥር ሳንቲሙ አጋዘን ማለት ነው፤ ሳንቲሙን ያየ ትውልድ ካለ። ፍጥነት ቀንሼ አለፍኳቸው። እዚያ ጋ ቸኩሎ የሚነዳ ሹፌር ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 2023 ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ አስፋልቱ ደግሞ መሃሉን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው።

ሮቤ እህቴ ሞተሩን አይታ ራሷን ያዘች።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ዕድሜው ሲገፋ መኪና ይገዛል እንጂ ሞተር ያሳድጋል?»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ይሻላል፣ ጉልበት አለው።»

«ጉልበቱ ምን ያደርግልሃል፣ የምትወድቀው አንተ!»

መልስ አልነበረኝም። ገንፎ በላሁ።

በማግስቱ ጎባን አልፌ ወደ ሳነቲ ሜዳ ወጣሁ። ይህን መንገድ በቦክሰር ሞክሬው ስለማውቅ ማወዳደር ፈልጌ ነበር። ከጎባ በላይ ጠጠር ነው። የአስታውን ቁጥቋጦ ጨርሳችሁ ስትወጡ ጅብራ ይጀምራል፤ ሜዳው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ይህን አያውቅም። የለመደውን ቤንዚን ይልካል፤ አየሩ ግን የለም። ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል።

ብዙ ሰው ትልቅ ሞተር ከፍታ አይነካውም ይላል። ይነካዋል። የእኔም ባለ ካርቡራቶር ስለሆነ እንደ ቦክሰሩ ነው የታፈነው። ልዩነቱ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው ነው። ከ12 ፈረስ 40 በመቶ ሲወሰድ 7 ይቀራል፤ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ፣ አንዳንዴም ወርዶ በመግፋት ነው። ከ45 ያንኑ ስትወስዱ 27 ይቀራል። በሁለተኛ ማርሽ፣ መርገጫው ላይ ቆሜ ወጣሁት። የፊት ጎማውም 21 ኢንች ነው፤ የቦክሰር ትንሽ ጎማ የሚሰናከልበትን ድንጋይ ይሄ ወጥቶ ያልፈዋል።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጣ አየሁ። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ እዚሁ ባሌ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ ለማየት ፈለግሁ። ቦክሰር ቢሆን መቀመጫውን ይዤ አሽከርክሬ አዞረው ነበር። ይሄኛው ግን ተዳፋት ጠጠር ላይ፣ በዚያ ከፍታ፣ ትንፋሽ በሌለበት... ወደ ፊት ስገፋው ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ስስበው አይመጣም። ብርድ ልብስ የለበሱ አንድ ፈረሰኛ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና ወረዱ። አብረን ገፋነው።

«ይሄማ በሬ ነው!» አሉኝ።

«አባባ፣ በሬ እንኳ ሲጠሩት ይመጣል» አልኳቸው። ሳቁ። ቀበሮዋ እስከዚያ ሄዳለች።

ከሳነቲ ወደ ሀረና ጫካ መውረጃው ሌላ ዓለም ነው። ከደጋው አፋፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይሄዳል። በቦክሰር ስወርድ የኋላ ፍሬኑ ግሎ ይሸተኝ ነበር፤ እየቆምኩ አቀዘቅዘው ነበር። ትልቁ ሞተር በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጠት ስታቆሙ ራሱ ይይዛል። ፍሬኑን የነካሁት መታጠፊያዎቹ ላይ ብቻ ነው። በጉዞው ሁሉ ገንዘቤን ያላባከንኩ መስሎ የተሰማኝ እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። ከሪራ መንደር በታች የዱር ቡና ያለበት ጫካ ነው፤ ጃኬቴ ውስጥ ደረቴ ላይ የወተፍኩትን ካርቶን አውጥቼ ጣልኩ። ደሎ መና ስደርስ ሹራቡም ወለቀ።

የነዳጁ ሂሳብ ደግሞ ይኸው። ታንኩ 13 ሊትር ይይዛል። በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ቢሄድልኝ ጥሩ ነው። ከሮቤ ደሎ መና ደርሶ መልስ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አያደርሰኝም። ቦክሰሩ 11 ሊትር ይዞ በሊትር 45 ይሄድልኛል፤ ይህን መንገድ ሳይቀዳ ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ ደሎ መና ላይ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ፈለግሁ። ሻጩ ወጣት ነው። በጨርቅ አጥልሎ እየቀዳልኝ ሞተሩን ከፊት እስከ ኋላ አየው።

«ወንድሜ፣ ስንት ይጠጣል?»

ነገርኩት። አምስተኛውን ሃይላንድ እየከፈተ ራሱን ነቀነቀ።

«ቦክሰር ብትገዛ ይሻልህ ነበር።»

«አለኝ» አልኩት፤ «ሐዋሳ ነው።»